ያልተተረጎመው ጥያቄ

ታምሩ ለወረዳ ምክር ቤት ሊወዳደር ሲነሳ የሕይወት ታሪኩን በቃሉ አጥንቶት ነበር። ሕዝቡ ከመረጠው የወረዳው አስተዳዳሪ የመሆን ሐሳብ እንዳለውም አልደበቀም። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ በጭነት መኪና መጥተው አሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ናቸው። አባቱን ወባ የወሰደበት እሱ ገና በእቅፍ ሳለ ነው። እናቱ የወርቅውሃ ጫካ መንጥራ፣ ማሽላ ዘርታ፣ ብቻዋን አሳደገችው። ከዚያ ግብርና ኮሌጅ ገባ፤ የልማት ሠራተኛ ሆኖ ገበሬውን አገለገለ። በየስብሰባው ይህን ሲተርክ «ብቻዋን» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ሴቶቹም ከንፈራቸውን ይመጡለታል።

«ብቻዋን» ግን እውነት አልነበረችም።

አባቱን የገደለው ወባ እናቱንም ከአልጋ አውሏት ጡቷ ደርቆ ነበር። ከወንዙ ማዶ ያለች ሀምዲያ የምትባል የበርታ ሴት ማንጎ ልትሸጥ ወደ ሰፈራው መጥታ የሕፃን ለቅሶ ሰማችና ገባች። የራሷን ልጅ ማህጁብን ከጀርባዋ አውርዳ፣ ታምሩን አንስታ አጠባችው። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሕፃናት በእሷ ጡት አደጉ። የወርቅውሃ ከተሻላትም በኋላ እርሻውን የሚያግዛት ሰው ስላልነበረ ልጇ ውሎው ሀምዲያ ቤት ሆነ። አፉን የፈታው በበርታኛ ነው። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ የለመደውም እዚያው ነው። ጆሮው መግል እየያዘ ሲያስለቅሰው ሀምዲያ ጭኗ ላይ አስተኝታ የሰሊጥ ዘይት ለብ አድርጋ ጠብ ታደርግለት ነበር።

ትምህርት ቤት የገባ ሰሞን መምህሩ ለጠየቁት በበርታኛ መለሰ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ቋንቋ ከአፉ አላወጣም። አንድ ጊዜ ሀምዲያ የተጠበሰ በቆሎ ይዛለት መጥታ ከአጥሩ ውጭ ሆና በቋንቋዋ «ልጄ!» ብላ ጠራችው። ጓደኞቹ ዘወር ብለው አዩት። እሱ እንዳልሰማ ሆኖ ኳሱን ተከትሎ ሮጠ። እሷም ከዚያ ወዲህ ወደ አጥሩ አልመጣችም።

ኋላ አሶሳ ገባ፤ ተማረ፣ ሥራ ያዘ፣ ትዳር መሠረተ። የሀምዲያ መንደር በሞተር ብዙም አትርቅም። «ለአረፋ እሄዳለሁ፣ ለረመዳን እሄዳለሁ» እያለ ዓመታት አለፉ። በቆየ ቁጥር አፈረ፤ ባፈረ ቁጥር ቆየ።

የምርጫ ቅስቀሳው ግን የግድ ወደዚያችው መንደር ወሰደው። ሰራዊት የሚባለው የቅስቀሳው አስተባባሪ የጉዞውን ተራ ሲነግረው አፉን ሞልቶ «እዚያ እንኳ ይቅርብን» ማለት አልቻለም።

ሕዝቡ ትልቅ የማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ጠበቃቸው። የመንደሩ ሽማግሌዎች አስተርጓሚ አዘጋጅተው ነበር፤ የትምህርት ቤቱ መምህር፣ ረጅም፣ ጠይም፣ ጺሙን በአጭሩ የተወ። ማህጁብ ነበር። ታምሩ ገና ሲያየው አወቀው።

«እንኳን ደህና መጡ፣ አቶ ታምሩ» አለ ማህጁብ እጁን ዘርግቶ።

«እንኳን ደህና ቆዩኝ፣ መምህር።»

አንድ ጡት የጠቡ ሰዎች አንቱ ተባብለው ተጨባበጡ።

ታምሩ ንግግሩን ጀመረ። ስለ ውልደቱ ሲናገር «ብቻዋን» ጋ ደርሶ ምላሱ ተያዘ፤ ግን ቃሏን አወጣት። ማህጁብም ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል እንዳለ ተረጎመው። ታምሩ ቶሎ ብሎ ወደ ዕቅዶቹ ገባ። ቅድሚያ የሚሰጠው የተበላሸውን የውሃ ፓምፕ ለማሠራት ነው። ክረምት ሲመጣ የሚቆረጠውን መንገድ ድልድይ ያሠራለታል። ሌላም አለ፦ ማንኛውም ባለጉዳይ ወረዳ ሲመጣ በገዛ ቋንቋው የሚስተናገድበትን አሠራር ያመጣል። ለዚህኛው ጭብጨባው ደመቀ።

ጥያቄ ካላችሁ ሲባል ከሴቶቹ መካከል አንዲት አሮጊት በትራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጀርባቸው ጎብጧል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው። ሀምዲያ ነበረች።

በበርታኛ «ጆሮው አሁንም ያመዋል ወይ?» አለች ለልጇ ለማህጁብ። «እስቲ ጠይቅልኝ።»

ታምሩ አንዲቷም ቃል አላመለጠችውም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠፋ የመሰለው ቋንቋ ጆሮው ውስጥ እንደተቀመጠ ኖሯል። ማህጁብ ዓይን ዓይኑን አየው። መንገድ እየለቀቀለት ነበር። ታምሩ ግን ሰራዊት በስልኩ እየቀረጸ መሆኑን አየ፤ አሁን «እናቴ» ቢል ከአፍታ በፊት የተናገረው ሁሉ ሐሰት ሊሆን ነው። ፈራ።

«ምን አሉ እናታችን?» ብሎ አስተርጓሚውን ጠየቀ።

ማህጁብም «ስለ ውሃው ነው የሚጠይቁት» አለ።

ታምሩም ስለ ውሃው መለሰ። ስለ ፓምፑ፣ ስለ መለዋወጫው፣ ስለ ባለሙያው አንድ በአንድ ዘረዘረ። ሲጨርስ ማህጁብ ወደ እናቱ ዞሮ በአጭሩ «ድኛለሁ ይልሻል» አላት። ታምሩ ይህንንም ሰማ። ሀምዲያ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ» አለችና ተቀመጠች።

መኪናው መንገድ ሲጀምር ሰራዊት «ዛሬስ አንጀት የሚያርስ መልስ ነው የሰጠሃቸው!» አለው። የታምሩ ፊት እንደ እሳት ነደደ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ «አቁምልኝ» አለና ወርዶ፣ ለምን እንደሆነ ሳይናገር፣ በእግሩ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ሀምዲያ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ለውዝ ትፈለፍላለች። ማህጁብ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ታምሩ ፊቷ ቁጢጥ አለና አፉን ከፈተ። የወጣው ግን የስድስት ዓመት ልጅ ቋንቋ ነው፤ ከዚያ በላይ አያውቅም።

«እኔ ሰማሁ። እዚያ። አንቺ ስትጠይቂ፣ እኔ ሰማሁ።»

ሀምዲያ እጇ ለውዙ ላይ ቀረ።

«ሰምተህ ነው?» አለች። «እኔ እኮ ለሴቶቹ፣ ቋንቋው ጠፋበት እንጂ እኛን አልረሳንም እያልኩ ስሟገትልህ ነበር።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። አልተቆጣችውም። የለውዙን ሳህን ወደሱ ገፋ አድርጋ በምታውቃት አማርኛ «እናት ደህና ነው?» አለችው። በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ አንዲት ፍሬ አንስቶም አፉ ውስጥ ከተታት።

ማህጁብ እስከ መንገዱ ሸኘው። «እሷ ሆደ ሰፊ ናት» አለው። «እኔ ግን ጥያቄውን የለወጥኩት ላንተ አዝኜ እንዳይመስልህ። እናቴ በሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው።»

የመጨረሻው ስብሰባ የተደረገው ባደገበት ሰፈራ ነበር። ታምሩ «ብቻዋን አላሳደገችኝም» ብሎ ጀመረና ሁሉንም ተናገረ፤ ጆሮውንም፣ አጥሩንም፣ ማንጎው ዛፍ ሥር የሆነውንም። የወርቅውሃ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበርና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ከኋላ አንዱ «የበርታን ድምፅ ፈልጎ ነው» ሲል ተሰማ። ወሬው ወንዙን ሲሻገርም እዚያ ያሉት እንደዚያው አሉ። እውነቱ እጅግ ዘግይቶ ስለ መጣ ውሸት መሰለ፤ ታምሩም ለእውነተኛው ጥፋቱ የሚፈርድበት ሰው አጣ።

ቢሆንም ተመረጠ። ድምፁ ከወዲያም ከወዲህም መጥቷል። ሰው እንኳን ደስ አለህ ሲለው ቀና ብሎ ማየት ያቅተው ነበር፤ በዚያች ሴት ወተት የተመረጠ መስሎ ይሰማዋል።

ከምርጫው በኋላ እናቱ ጠራችው። «አንተ ብቻ አይደለህም ያጠፋኸው» አለችው። «ነፍስ ካወቅህ ወዲያ 'ተዋት፣ አትሂድ' ያልኩህ እኔ ነኝ። ከእኔ ይልቅ እሷን ስትወድ እያየሁ ቀናሁ። አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልኳት። ውሰደኝ።»

ወሰዳት። ሁለቱ አሮጊቶች ፊት ለፊት ተቀመጡ። የወርቅውሃ በወሎ አማርኛዋ አንጀት የሚበላ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ታምሩ ሊተረጉም ሞክሮ ቃል አጠረው። ማህጁብን በዓይኑ ተማጠነው፤ ማህጁብ አልረዳውም። ሲንተባተብ እናቱ ትዕግሥቷ አለቀና «ተወው» ብላ በጉልበቷ ሄዳ የሀምዲያን ጉልበት ሳመች። ሀምዲያ ደንግጣ በሁለት እጇ አነሳቻት። ከዚያ ሁለቱም፣ አንዷ የሌላዋን ሳትሰማ፣ በየቋንቋቸው ሲያወሩና ሲያለቅሱ ዋሉ።

ምክር ቤቱ ለአስተዳዳሪነት ሌላ ሰው መረጠ። ታምሩ ተራ አባል ሆኖ ስለ ፓምፑ ይጨቀጭቃል። ለባለጉዳዮች በርታኛ የሚችል ሰው እንዲመደብም ጠይቆ ገና መልስ አላገኘም። ቋንቋውን ማህጁብ እንዲያስተምረው ለመነው፤ «ጊዜ የለኝም» አለው። ስለዚህ ሲመቸው ሀምዲያ ዘንድ ይሄዳል። እንደ ሕፃን ሲንተባተብ እሷ ጥርስ በሌለው አፏ ትስቅበታለች። እሱም አብሯት ይስቃል፤ ደጃፏን ሲያልፍ ግን እስካሁን አንገቱን ደፍቶ ነው።