በአንድ በኩል ብቻ ያለፈው ከረንት

ይህን ለባለቤቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ፈሪ ነኝ።

የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ራሔል የምትባል ተማሪ የማስተርስ ጽሑፏን በእኔ ሥር ትሠራ ነበር። የምታጠናው በጣም ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት የሚያሳልፍ ስስ የብረት ቅብ ነው። እዚህ ማቀዝቀዣው ስለሌለን ውጭ አገር ያሉ ባልደረቦች ይለኩልናል፤ እኛ ቁጥሩን እንመረምራለን። አንድ ቀን ቁጥሩን ይዛ እየሮጠች መጣች። ያው መጠን ያለው ከረንት በአንዱ አቅጣጫ ሲሄድ በነፃ ያልፋል፣ በተቃራኒው ሲሄድ ግን እንቅፋት ይገጥመዋል።

ሳቅሁባት። በእኛ ሙያ የሁለቱን አቅጣጫ ልኬት ደምሮ ለሁለት ማካፈል የተለመደ ነው። ልዩነት ከታየ የመሣሪያው ስህተት ነው ብለን እናጠፋዋለን።

«ዶክተር፣ እባክዎ ሽቦውን ገልብጠው እንዲለኩልን ይጻፉላቸው! ጥፋቱ የመሣሪያው ከሆነ ያኔ ይለያል» ብላ ለመነችኝ። እምቢ አልኩ። አልፌ ተርፌም ልጅቷ ጥንቃቄ የላትም ብዬ ለመምህራኑ ሁሉ አወራሁ።

ከዚያ ውጭ አገር ላሉት ባልደረቦች በድብቅ ጻፍኩላቸው። ገልብጠው ለኩ። መልሱ የደረሰኝ ጽሑፏን ልታቀርብ አንድ ቀን ሲቀራት ነው፤ ልዩነቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከራሱ ከቅቡ ነበር። ደነገጥኩ። እኔ አነበብኩት፤ እኔው ደበቅኩት። በማግስቱ መምህራኑ ሲያብጠለጥሏት፣ ዓይኗ እኔ ላይ ሲንከራተት፣ እኔ ዝም አልኩ። ለምን? ተሳስቻለሁ ማለት ሞት መስሎኝ። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ጽሑፏ ወደቀ፤ ትምህርቱንም ተወችው።

ከዓመታት በኋላ ሌሎች ይህንኑ አግኝተው ሲወደሱ አነበብኩ። ያኔም ትንፍሽ አላልኩም።

ባለፈው ሳምንት ጉርድ ሾላ፣ ፎቶ ኮፒ ላስነሣ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቋ ራሔል ናት። ክው አልኩ። እሷ ግን ብድግ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

«ዶክተር፣ እንኳን ያኔ አረሙኝ! ልጄን ሁሌ እላታለሁ፤ ዓይኔ አየ ብለሽ ድርቅ እንዳትዪ፣ እኔ ድርቅ ብዬ ተዋርጃለሁ።»

ምን መለስኩላት? «ልጅሽ ስንተኛ ክፍል ደረሰች?» ብዬ ጠየቅኋት። እግዚኦ! ይህን የጠየቀው የእኔ አፍ ነው?

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብላ ታምናለች።