የሞገስ ሞተር ድንገተኛ የፈረንሳይ ጉዞ

ቴክሳስ፣ አርሊንግተን ውስጥ ሞገስን ሃያ ዓመት ሙሉ በስሙ የጠራው ሰው አልነበረም። «የሰብለወርቅ ባል» ነበር የሚባለው። ሰብለወርቅ የመዘምራን መሪ ናት፤ በዚያ ላይ ሆስፒታል ውስጥ አርባ ነርስ የምታዝ ሱፐርቫይዘር ናት፤ በዚያ ላይ ረጅም ናት። ሞገስ ደግሞ ሌላ ሆስፒታል ቤዝመንት ውስጥ የደም ናሙና የሚመረምር የላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነው። ሥራው ከሰው ደም ጋር እንጂ ከሰው ጋር አያገናኘውም። ሰርግ ላይ «ያ ደግሞ ማነው?» ተብሎ ከተጠየቀ «የሰብለወርቅ ባል» ይባላል፤ ጠያቂውም «ውይ፣ ሰብልዬ መጥታለች?» ብሎ እሷን ፍለጋ ይሄዳል።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ የሥራ ባልደረባው ከቴክሳስ ሲለቅ ሞተር ብስክሌቱን ለሞገስ ሸጠለት። ጥቁር ነው፣ ሰፊ ነው፣ ሲነሳ የጎረቤት መስኮት ያንቀጠቅጣል። በጭነት መኪና መጥቶ ጋራዥ ገባ። በሳምንቱ ሞገስ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ሄልሜት በብብቱ ይዞ ቸርች ከች አለ። በር ላይ ቆመው ሰው የሚቀበሉት ጋሽ ንዋይ ከላይ እስከ ታች አዩትና «ሞገስ ሞተር፣ እንኳን ደህና መጣህ» አሉት። አለቀ። አሜሪካ ከገባ ጀምሮ የራሱ የሆነ ስም ያኔ አገኘ።

ሶ፣ አሁን እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ። ሐሜት አይደለም። ሐሜት ያልተረጋገጠ ነገር ነው፤ ይሄን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ እሁድ አርፍጄ፣ ፓርኪንግ አጥቼ፣ ከቸርቹ ሁለት ብሎክ ርቆ ካለው ጎማ ቤት ጀርባ ላቆም ስል ሞገስ ከካምሪ መኪናው ሲወርድ ደረስኩ። ጃኬቱን ከኋላ ወንበር አንስቶ ለበሰ። ሄልሜቱን በብብቱ አደረገ። ጸጉሩን፣ ያለችውን ያህል፣ ነፋስ የመታት እንድትመስል በጣቱ በተን በተን አደረጋት። ከዚያ በእግሩ ወደ ቸርች።

ሰውየው ሞተሩን ነድቶት አያውቅም። ፈቃዱም የለውም። እሁድ ጠዋት ከጋራዥ ገፍቶ ያወጣዋል፣ አሥር ደቂቃ ያስጮኸዋል፣ ይወለውለዋል፣ ገፍቶ ይመልሰዋል። ሰብለወርቅ ለመዝሙር ልምምድ በራሷ መኪና ቀድማ ስለምትወጣ አታውቅም ብሎ ያምናል።

ምስጢሩን ለማንም አልተናገርኩም። ማለቴ፣ ለሁለት ሰው ብቻ።

ባለፈው ዓመት ጣጣው መጣ። ጣጣው ያፌት ይባላል። ያፌት ፕሌኖ ውስጥ ትልቅ ድርጅት ፋይናንስ ክፍል የሚሠራ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእውነት ሞተር የሚነዳ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ሰብስቦ ስለ ድካምና መሰልቸት ሥልጠና ሲሰጥ «በሕይወታችሁ አንድ ያልታቀደ ነገር አድርጉ» ተባሉ። ያፌት ትእዛዝ አክባሪ ነው። በዚያው ሳምንት ሞገስንና የኤርፖርት ሻትል የሚነዳውን ተስፋዬን ፍሪስኮ ያለው ቤቱ ጠርቶ፣ «ፈረንሳይን በሞተር ከጫፍ እስከ ጫፍ። ዝም ብለን፣ ድንገት» አላቸው።

«መቼ?» አለ ተስፋዬ።

«ድንገት ስልህ መቼ ትለኛለህ?»

«የዕረፍት ቀን መጠየቅ አለብኝ እኮ፣ ያፌት።»

በዚህ ምክንያት ኮሚቴ ተቋቋመ። ያፌት ሰብሳቢ፣ ተስፋዬ ጸሐፊ፣ ሞገስ የቴክኒክ ኃላፊ ሆኑ። ተራ አባል የለም። ሞገስ ለቦታው የተመረጠው ሞተሩ ከሁሉም በላይ ስለሚያብረቀርቅ ነው።

«እንዲህ የተያዘ ሞተር አይቼ አላውቅም» አለ ተስፋዬ። «ጎማው ላይ ያለችው ፀጉር እንኳ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረችው፣ አልረገፈችም።»

«አያያዝ ነው» አለ ሞገስ።

መተዳደሪያ ደንብ ወጣ። አንቀጽ አንድ፣ «ጉዞው ድንገተኛ ይሆናል።» አንቀጽ ሁለት፣ «የድንገተኛው ጉዞ ቀን በሙሉ ድምፅ ይወሰናል።» አንቀጽ አምስትን ያረቀቀው ራሱ ሞገስ ነው፤ «ሚስት ይዞ መምጣት በጥብቅ ክልክል ነው።» ሲጸድቅ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው። ሰብለወርቅ በሌለችበት አገር፣ ሰብለወርቅን የሚያውቅ በሌለበት መንገድ፣ ቀኑን ሁሉ ሞገስ ሞተር ብቻ ሆኖ ሊውል።

ቀኑን ማግኘት ራሱ ሥራ ነበር። ሜይና ጁን የልጆች ምረቃ አለ። ጁላይ የኳስ ውድድሩና የቸርች ኮንፈረንሱ አለ። ኦገስት ፍልሰታ ነው፤ ተስፋዬ ኦርቶዶክስ ነው፣ «ጾም ይዤ ቅቤ አገር አልሄድም» አለ። በመጨረሻ በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል ዘጠኝ ቀን ተገኘች። ድንገት መነሳት የሚቻለው በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ብቻ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ።

ከዚያ ወሬው ወጣ። ከሰፈራችን እናቶች አንዷ፣ እትዬ የሺሃረግ፣ ወዲያው ለያፌት ደወሉ። እህታቸው የምትኖረው ፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ነው፤ የእህታቸው ልጅ ልታገባ ነው፤ የሰርጉ የሐበሻ ቀሚስ ደግሞ ከአዲስ አበባ በሰው በሰው ተልኮ ዳላስ ደርሶ ተቀምጧል።

«በሞተር ነው እኮ የምንሄደው፣ እትዬ» አለ ያፌት።

«አውቃለሁ። ከባድ አይደለም። ብቻ እንዳይታጠፍ።»

መንገዱ በሊዮን እንዲያልፍ ተደረገ። ሊዮን ደርሶ ሆቴል ማደር ስለሚያስቀይም እህትየው ቤት እንዲታደር ተደረገ። ቀሚሱ በማይታጠፍ ካርቶን፣ ትንሽ የሬሳ ሣጥን የሚያክል፣ ገባ። ማን እንደሚይዘው በይደር ቆየ።

ሞገስ በበኩሉ ሥራውን ይሠራ ነበር። ቲኬት ይቆረጥ በተባለ ቁጥር እጁን ያወጣል። አንዴ «የፈረንሳይ ዝናብ ከኛ ጎማ ጋር እንዴት እንደሆነ ሳይጠና?» አለ፤ ሁለት ወር ሄደ። አንዴ ስለ አስፋልታቸው ጥያቄ አለኝ አለ፤ ሦስት ወር። ያፌት «እንዲህ ያለ ጠንቃቃ ሰው ስላለን እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ በጸሎት ይከፍታል፣ ተስፋዬ በጸሎት ይዘጋል። አሥራ አራት ወር እንዲህ አለፈ። ከዚያ ያፌት አንድ ቀን፣ ማንንም ሳያማክር፣ ሦስት ቲኬት ቆረጠ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ድንገት የተደረገች ነገር እሷ ብቻ ናት።

በነጋታው ቴሌግራም ላይ መልእክት መጣ፤ ፈረንሳይ ያለው ሞተር አከራይ የሁሉንም መንጃ ፈቃድ ፎቶ ይፈልጋል፤ የሞተር ፈቃዱ የተጻፈበት ቦታ በደንብ ይታይ።

ሞገስ ላከ።

«ሞጌ፣ አውራ ጣትህ ፈቃዱ ላይ አርፏል» ብሎ ጻፈ ያፌት።

ደግሞ ላከ። አሁን የመብራት ነጸብራቅ ነው፤ ፀሐይ የምትወጣ ይመስላል። ሦስተኛ ላከ።

«ይሄ ጀርባው ነው።»

«ጀርባው ላይም መረጃ አለ» አለ ሞገስ።

ተስፋዬ ጣልቃ ገባ፤ «አድራሻህን እንዳናውቅብህ ነው? ቤትህ በልተን እኮ እናውቃለን።»

ያፌት ሁለት ሳምንት ሰጠው።

ሞገስ በዚያው ቀን ምሳ ሰዓት ቤዝመንት ቁጭ ብሎ አሰበ። እውነቱን ቢናገር እሁድ ጋሽ ንዋይ በር ላይ ምን ብለው እንደሚቀበሉት ታየው። ስለዚህ ለጀማሪዎች የሚሰጥ የሁለት ቀን የሞተር ኮርስ ተመዘገበ። ለሰብለወርቅ «ኦቨርታይም አለኝ» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት፣ በዚያ የኦገስት ሙቀት፣ ባዶ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ አሥር ተማሪ ተሰልፏል። ዘጠኙ የኮሌጅ ልጅ የሚመስሉ ናቸው፤ አሥረኛው ሞገስ። ከዚያ አሥራ አንደኛዋ መጣች፤ ጂንስ ለብሳ፣ ቡትስ አድርጋ፣ ሄልሜት ይዛ። ሰብለወርቅ ናት።

«የምዝገባው ኢሜይል ለሁለታችንም ነው የሚገባው፣ ሞጌ» አለችው። «የጥርስ ሐኪም ቀጠሮህም በዚያ ነው የሚደርሰኝ።»

«ልታሳፍሪኝ ነው የመጣሽው?»

«ብትወድቅ የሚደወለው ለኔ ነው። እዚሁ ብሆን ይቀለኛል ብዬ ነው፤ ተመዘገብኩ።»

አስተማሪው ጺሙ ሆዱ የደረሰ የቴክሳስ ሽማግሌ ነው። የትራፊክ ኮኖች ደርድሮ በመካከላቸው እየተጠማዘዙ እንዲያልፉ አዘዘ። ሞገስ ከሃያ አራቱ ኮን አሥራ ዘጠኙን ይዞ ሄደ። አንዱ ከሞተሩ ሥር ገብቶ እስከ አጥሩ ድረስ ተከተለው። ሞተሩ ሁለት ጊዜ ጠፋበት፣ አንድ ጊዜ በጎኑ ተኛ፤ ሞገስም አብሮ ተኛ። ሰብለወርቅ ሄደች፣ ተጠማዘዘች፣ ዞረች፣ እግሯን መሬት ሳታስነካ ተመልሳ ቆመች። የኮሌጅ ልጆቹ አጨበጨቡ።

«የት ተማርሽው?» አላት ሞገስ፣ ክርኑን እያሻሸ።

«አባቴ ጎባ የእንስሳት ሐኪም አልነበር? የመንግሥት ሞተር ነበረው። ላም ምጥ ሲይዛት ከኋላው ተቀምጬ የመድኃኒት ሣጥኑን እይዝ ነበር። ኋላ እኔ ስነዳ እሱ ሣጥኑን ያዘ።»

«አልነገርሽኝም እኮ።»

«የተዋወቅን ሰሞን ነግሬሃለሁ። አንተ ግን ስለ ላሟ ነበር የጠየቅከኝ።»

እሁድ ሰብለወርቅ መዘምራኑን ለሌላ ሰው አደራ ብላ መጣች። ከምሳ በፊት ሽማግሌው ሞገስን ለብቻው ጠራው። ደግ ሰው ነው፤ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

«መኪና አለህ?»

«አለኝ።»

«ምን መኪና?»

«ካምሪ።»

«ጥሩ መኪና ናት» አለው። «በሷ ቀጥል።»

ሰብለወርቅ ፈተናውን አለፈች። በሞገስ ካምሪ አብረው ተመለሱ። መንገድ ላይ ሞገስ «ወገቤን አመመኝ እላቸዋለሁ» አለ።

«ያፌት የወገብህን ራጅ በኢሜይል ላክልኝ ይልሃል።»

«እናስ ምን ልበላቸው?»

«ሦስተኛው ሞተር ተይዟል። የሚነዳው ሰው ከተገኘ ምን ችግር አለ?»

«አንቺ?»

«እኔ።»

«እኔስ?»

«ያን ካርቶን ማን ይይዘዋል ታዲያ?»

ሞገስ መስኮቱን አየ። «ከኋላሽ ተቀምጬ» አለ፣ ለራሱ ነው የመሰለው። «በቃ፣ ተመልሼ የሰብለወርቅ ባል።»

ሰብለወርቅ መብራት ሲይዛቸው «አራት ዓመት በጠዋት የምታስጮኸውን እሰማለሁ» አለችው። «ልምምድ የሚጀመረው በሦስት ሰዓት ነው፤ ከቤት የምወጣው በሁለት ነው። ጥግ ላይ ቆሜ እስክትመልሰው እጠብቅ ነበር። ወድቆብህ ብቻህን እንዳትሆን።»

አረንጓዴው መብራት በራ፣ ከኋላ ክላክስ ተነፋባቸው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሞገስ እጁን አወጣ። ያፌት «የቴክኒክ ኃላፊው» አለ፣ ደክሞት፣ የሦስት ወር ጥናት እየጠበቀ።

ሞገስ ተነስቶ ቆመ። «አንድ የቴክኒክ ጉዳይ አለ» አለ። «የቴክኒክ ኃላፊው ሞተር መንዳት አይችልም። ችሎም አያውቅም። ሚስቱ ግን ትችላለች። አንቀጽ አምስት እንዲነሣ እጠይቃለሁ።»

ያፌት ተስፋዬን አየ። ተስፋዬ ብዕሩን አየ።

«ይሄ በቃለ ጉባኤ ይግባ?» አለ ተስፋዬ ቀስ ብሎ።

«ይግባ» አለ ሞገስ።

አንቀጽ አምስት በሙሉ ድምፅ ተነሣ። ለሰብለወርቅ አራተኛ ቲኬት ተቆረጠ፤ ወዲያው ደግሞ ቀሚሱ ያዥ ስለማግኘቱ ለእትዬ የሺሃረግ ተደወለላቸው።

ለአዲስ ፈቃድ አከራዩ የሚሰጠው ትንሿን ሞተር ስለሆነ፣ ያፌትና ተስፋዬ በሁለት ግዙፍ ሞተር ከፊት፣ ሰብለወርቅ የልብስ ስፌት መኪና በሚመስል ድምፅ ከኋላ ሆነው ፈረንሳይን አቋረጡ። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ሰብለወርቅ ጎንበስ ብላ ትነዳለች። ከኋላዋ ካርቶኑን እንደ ታቦት ያቀፈ ሰው አለ። ቀሚሱ ሳይታጠፍ ሊዮን ገባ።

ሲመለሱ ሰው ሁሉ ጠየቀ። ያፌት «አስፋልታቸው ጥሩ ነው» አለ። ተስፋዬ «ያየሁት የያፌትን ጀርባ ነው» አለ። ሰብለወርቅ የሚነዳ ሰው መንገዱን ብቻ ነው የሚያየው ብላ ወደ መዝሙሯ ሄደች። ወይን የሚለቅሙትን ሰዎች፣ መንደሩ መሃል አህያውን በጃንጥላ ከፀሐይ የሚከልለውን ሽማግሌ፣ ድልድዩ ሥር ልብስ ለብሰው የሚዋኙትን መነኩሲት ያየ አንድ ሰው ብቻ ነው። እስከ ዛሬም እያወራ ነው። መነኩሲቷ አሁን ሦስት ሆነዋል።

በተመለሱ በመጀመሪያው እሁድ ጥቁሩ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ ቸርች መጣ። ሰብለወርቅ አቁማው ወደ መዘምራን ሮጠች፤ ሞገስ ከኋላ ወርዶ ሁለት ሄልሜት በሁለት ብብቱ ይዞ በሩ ጋ ደረሰ። የሚጠራበትን ስም ለመስማት ተዘጋጅቷል።

«ሞገስ ሞተር» አሉት ጋሽ ንዋይ፣ «እንኳን ደህና መጣህ።»

ሞገስ ቆመ። «ጋሼ፣ የነዳችው እኮ ሰብለ ናት።»

«አይቻለሁ።»

«ፈረንሳይም እሷ ናት የነዳችው።»

«ሰምቻለሁ።» ጋሽ ንዋይ ፕሮግራም የተጻፈበትን ወረቀት ሰጡት። «ይልቅ ካምሪዋን ካላመጣህ ለጎማ ቤቱ ሰውዬ ንገረው። አራት ዓመት ሙሉ ያችን ቦታ እሁድ እሁድ ባዶ አድርጎ ሲያቆይልህ የነበረው እኔ ለምኜው ነው። ሰሞኑን ሳያይህ ሲቀር ታሞ ነው ወይ ብሎ ደወለልኝ።»

ሞገስ ወደ አዳራሹ አየ። የኋላ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ መዝሙሩን የሚያዳምጥ መሰለ፤ መዝሙሩ ግን ገና አልተጀመረም።

«ማን ማን ያውቃል፣ ጋሼ?»

ጋሽ ንዋይ ትንሽ አሰቡ። «ዛሬ አንድ ከሂውስተን የመጣ እንግዳ አለ» አሉት። «እሱ ላያውቅ ይችላል።»

እኔ እንኳ ለሁለት ሰው ብቻ ነበር የነገርኩት።