በሰሊጥ ዘይት የታነቀው ምንሽር

ጠመንጃ ጠጋኝ አይደለሁም። ሐጅ ዩሱፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ አንድ ዎርሻ፣ ማለትም ጥገና ቤት ውስጥ የውኃ ፓምፕ የምፈታ የቶርኖ ሠራተኛ ነበርኩ። ካርቱም ላይ ግን እጁ ግራሶ የነካ ሐበሻ የማይጠየቀው ነገር የለም፤ ፍሪጅ ሲበላሽ እኔ፣ ረክሻ የሚሉት ባጃጅ መንገድ ላይ ሲቆም እኔ። እምቢ ማለት አልችልበትም፤ እየተነጫነጭኩ እሠራለሁ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ እጄን ያዙኝ። "ልጄ፣ ምንሽሩ ታነቀብኝ" አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። አገር ቤት ወታደር የነበሩ፣ እዚህ ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ በአንድ ሱዳናዊ የሽንኩርት እርሻ ላይ በጥበቃ ያረጁ ሰው ናቸው። የሚያድሩባት የጭቃ ክፍልም ጠመንጃውም የእርሻው ናቸው፤ ከሥራው ከወጡ ከቤትም ይወጣሉ። ናፍጣ በጠፋበት በዚያ ዓመት የፓምፕ ናፍጣ ሌባ በርክቶ ስለነበር፣ ባለቤቱ ሐጅ "እስከ ዐርብ ካልተኮሰ ኸላስ፣ አበቃ፤ የራሱ መሣሪያ ያለው ሌላ ገፊር፣ ሌላ ዘበኛ አመጣለሁ" ብሏቸዋል። "የሐጁ የእህት ልጅ እንኳ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ፣ ጥበቃ ግባ ቢለው፣ በዚህ ብረት አምኜ አልሞትም አለ" ብለው ሳቁ።

ሄድኩ። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አየሁ፣ ከዚያ ፈታሁት። ችግሩ ሁለት ነው። ጥይት ሲጎርስ መዝጊያው መሀል ላይ ይቆማል፤ በመዳፍ ካልመቱት አይዘጋም። ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ ቀለሁ ወይ ፍንክች! ጋሼ በአፈሙዙ በኩል ዘንግ እየከተቱ ነበር የሚገፉት። ሌባ ፊት ቆሞ ዘንግ የሚፈልግ ማን ነው?

ቀለህ የምትስበዋን ጥርስ ጠረጠርኩ፤ ምንም አልሆነችም። ጥይቶቹን ጠረጠርኩ፤ አልጎበጡም። ደሜ ፈላ። በመጨረሻ አንድ ባዶ ቀለህ በኩራዝ ጥቀርሻ አጥቁሬ አስገባሁና ሳብኩት። ጥቀርሻው በአንድ ወገን ሳይሆን ዙሪያውን ተፍቆ ወጣ። ጥይት የሚጎርስበት ጉሮሮ ራሱ ጠቧል ማለት ነው። ጨርቅ በእንጨት ላይ ጠቅልዬ ብጠርገው ቡናማ ሙጫ ይዞ መጣ። አሸተትኩት። ጠዋት ጠዋት ፉል ላይ የምናፈሰው የሰሊጥ ዘይት ነው!

"ጋሼ፣ ይህን ነገር ምን ይቀቡታል?"

"ዘይት ነዋ! ጠመንጃ ሳይቀባ ያድራል እንዴ? ጥይቱንም አንድ በአንድ በዘይት አሸዋለሁ።"

እሳቸው ባደጉበት ደጋ ጉሙ ብረት ይበላል፤ ዘይት ያልጠጣ ጠመንጃ ክረምቱን አይሻገርም። እዚህ ዝገት ከየት ይመጣል? ሐቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል አቧራውን ይነዛል፣ አቧራው ዘይቱ ላይ ይለጠፋል፣ ሙቀቱ ያበስለዋል።

"በስመ አብ! በፍቅር አንቀው ሊገድሉት ነበር እኮ!" አልኳቸው።

ሳቁ። ወዲያው ግን አንገታቸውን ደፉ። "እኔ ደግሞ፣ በታነቀ ቁጥር ዘይቱን እጨምርለት ነበር" አሉ።

በላምባ ነክሬ በናስ ብሩሽ ስፈገፍግ ዋልኩ። ጥይቶቹንም በደረቅ ጨርቅ ወለወልናቸው። "ከእንግዲህ ዘይት የሚባል ነገር ጉሮሮው ውስጥ እንዳይገባ!" ብዬ ተቆጣኋቸው፤ እሳቸውም ቃል ገቡልኝ።

ዐርብ ሐጁ ከጁምዓ ሶላት መልስ መጣ፤ እኔም ነበርኩ። ጠመንጃውን ተቀብሎ ወደ ቦዩ የአፈር ግድግዳ ተኮሰ። ብረቱ ጎረሰ፣ ተኮሰ፣ ቀለሁን ተፋ፤ ደግሞ ጎረሰ። ጋሼ አጨበጨቡ። ሐጁም "ማሻአላህ!" አለና ስልኩን አወጣ። አረብኛዬ ስብርባሪ ቢሆንም ይህቺን ሰማሁ፦ "ጠመንጃው ድኗል። ያላ፣ አሁን ና።" የደወለው ለእህቱ ልጅ ነበር።

ከዚያ ጋሼን ትከሻቸውን ያዝ አደረጋቸው። "ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ ያ ዐም። የእህቴ ልጅ ነው፣ ምን ላድርግ? ዛሬ በአንተ ቦታ ይገባል።"

"እኔ የጠገንኩት ለእሳቸው ነው!" ብዬ ጮኽኩ። በንዴት አረብኛው ጠፍቶብኝ በአማርኛ ነበር የጮኽኩት። ሐጁ አልገባውም፤ እጄን ጨብጦ አመሰገነኝ።

የጋሼ ዕቃ አንድ ኬሻ እንኳ አልሞላም። በተዋስኩት ረክሻ ከኋላዬ አስቀመጥኳቸውና ነዳሁ። አፈር አፈሩን ብዙ ከሄድን በኋላ "አየኸው ግን ቀለሁን ሲተፋው? እጅህ ይባረክ" አሉኝ። የምራቸውን ነበር።

አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ዞር አልኩ። "ጋሼ፣ የት ልውሰድዎት?"

ኬሻቸውን ጭናቸው ላይ አደላድለው መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ።

"እስቲ ዝም ብለህ ቀጥታ ንዳ" አሉ።