በግራ እጅ የተጻፈ ታሪክ

ቆቦ አጠገብ ባለችው ሮቢት፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የገብረ ኪዳን ወፍጮ ቤት አለ። አቶ ገብረ ኪዳን በወጣትነታቸው ከማይጨው በኩል ለንግድ መጥተው፣ እዚሁ አግብተው፣ ወፍጮ ተክለው የቀሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ዛሬ በወፍጮው የምትፈጨው ልጃቸው ለተ ብርሃን ናት። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው።

ለተ ብርሃን አሥረኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ቺንጋው፣ ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ፣ ወለቀ። አባቷ ደጅ ላይ ጆንያ እያወረዱ ነበርና «ግቢና መልሺው» አሏት። ሞተሩ ግን አልጠፋም ነበር። የነጠላዋ ጫፍ በመዘውሩ ተያዘ። ነጠላዋን ለማስለቀቅ የሰደደችው ቀኝ እጇ ሦስት ጣት አጥቶ ወጣ፤ አውራ ጣቷና ትንሿ ጣቷ ብቻ ቀሩ። ቁስሉ እስኪድን ዓመቱ አለቀ፣ እሷም ወደ ትምህርት ቤት ሳትመለስ ቀረች።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ የሰሜኑ ጦርነት አልፎ ቆቦ ላይ ትምህርት እንደገና ሲጀመር፣ ማንንም ሳታማክር ሄዳ ተመዘገበች። ቅዳሜ ሙሉ ቀን፣ እሑድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የሚሰጥ የአዋቂዎች ትምህርት ነው። በእነዚያ ሰዓቶች አባቷ ወፍጮውን ይይዙላታል። ሁለት ዓመት እንዲህ ተመላልሳ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደረሰች። በግራ እጇ መጻፍን ለምዳለች፤ ፊደሉ ያምራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው። ሌላው ሰው አንድ ገጽ ሲጨርስ እሷ ሦስተኛው መስመር ላይ ናት። ምርጫ ፈተና ላይ ይህ አይታወቅባትም። ፊደል አክብቦ ማለፍ ነው።

ችግሩ የታሪክ መምህሩ ፍቅሩ ነበር። ፍቅሩ ከእሷ በስድስት ዓመት የሚያንስ፣ ቀጭን፣ ጠመኔ ከጣቱ የማይጠፋ ሰው ነው። «ታሪክ በምርጫ ብቻ አይፈተንም» ብሎ በየፈተናው የማብራሪያ ጥያቄ ይጨምራል። በግማሽ ዓመቱ ፈተና አንድ ጥያቄ ሃያ ነጥብ ያዘ። ለተ ብርሃን ከሃያው አራት ብቻ አገኘች።

ወረቀቷን ይዛ ቢሮው በር ላይ ቆመች። ቀኝ እጇ እንደ ወትሮው ነጠላዋ ውስጥ ነበር።

«ቲቸር፣ መልሱን አውቀው ነበር እኮ። አልደረሰልኝም።»

ፍቅሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ዳግመኛ አነበበው። «የጠየቅሁት ዘመነ መሳፍንት ለምን አበቃ ብዬ ነው። አንቺ የጻፍሽው እንዴት እንደጀመረ ነው። መግቢያው ላይ ሰዓቱ አልቆብሻል።»

«ከመጀመሪያው ካልጀመርሁ እንዴት ይሆናል?»

«ያወቅሽውን ሁሉ ልትጽፊ ነው የተነሣሽው። እኔ የጠየቅሁሽ አንድ ነገር ነው።» ከዚያ ነጠላዋን አየ። «ስትጽፊ አይቻለሁ። ከሐኪም ማስረጃ ብታመጪ ግማሽ ሰዓት ይጨመርልሻል። ደንቡ ይፈቅዳል።»

«አያስፈልግም» አለች ፈጥና። «ታዝኖልኝ ማለፍ አልፈልግም።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ አብሯት የሚማረው ሚኪያስ በባጃጁ አደረሳት። ሚኪያስ ሰው ለማጽናናት ሲል ነገር የሚያብስ ዓይነት ልጅ ነው። «ምን ያስጨንቅሻል፣ ድርሰት እኮ በስንዝር ነው የሚታረመው» አላት። «እኔ ሦስት ገጽ ሞላሁ። ግማሹን ራሴም አላውቀውም።» ያገኘው አሥራ አንድ ነበር። ያን ምሽት ለተ ብርሃን እራት አልበላችም። በስንዝር ከሆነ የእሷ ነገር አከተመ ማለት ነው።

ለማጠቃለያ ፈተናው ሰባት ሳምንት ሲቀር ፍቅሩ ለክፍሉ አሥር ጥያቄ ሰጠ። «ከእነዚህ አካባቢ ሦስት ይመጣል፤ ሁለት መርጣችሁ ትሠራላችሁ። አጠያየቁ ግን ይለወጣል፤ ሸምድዳችሁ እንዳትመጡ» አላቸው። ለተ ብርሃንም አሥሩን ጥያቄ ወደ አማርኛ መልሳ፣ በትልልቅ ፊደል ጽፋ ወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ግን መጀመሪያ ነገሩን በራሷ አፍ ማሰብ ፈለገች። ዱቄት ስትሰፍር፣ ጆንያ ስትቀበል፣ አንዱን ጥያቄ ታየዋለች፣ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ ለራሷ ትመልሳለች።

መብራት በጠፋ አንድ ማክሰኞ ወፍጮው ቆመ፣ ተራ የያዙት ሴቶችም ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው መብራት ይጠብቁ ጀመር። ከመካከላቸው እትዬ ሙሚና ነበሩ። በየሳምንቱ ከገጠር ማሽላቸውን በአህያ ጭነው የሚመጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ግድግዳውን ሲያዩ ቆዩና «ይሄ ምንድን ነው ልጄ? ጸሎት ነው?» አሉ።

«ፈተና ነው እትዬ።»

«ወላሂ! እስቲ አንብቢልኝ።»

«የ1966ቱ አብዮት መንስኤዎች ምን ነበሩ ይላል።»

«እሺ መልሺ። መብራቱም አልመጣ።»

ለተ ብርሃን ጉሮሮዋን ጠረገች። «ኢትዮጵያ ረጅም የመንግሥት ታሪክ ያላት ጥንታዊት አገር ናት። ነገሥታቷም...»

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ እትዬ ሙሚና መዳፋቸውን አንሥተው። «ምን ተብለሽ ነው የተጠየቅሽው?»

«የአብዮቱ መንስኤ።»

«ታዲያ? እኔ ተራዬ መቼ ይደርሳል ብዬ ብጠይቅሽ፣ ወፍጮው ከየት እንደመጣ ልትነግሪኝ ነው?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ለተ ብርሃንም ሳቀች፣ ግን ነገሩ ወጋት። መምህሩ የነገራት ያንኑ ነበር። ከእትዬ ሙሚና አፍ ሲወጣ ግን ገባት። እንደገና ጀመረች። የገበሬው ጭሰኝነት፣ የወታደሩ ብሶት፣ የተማሪው እንቅስቃሴ፣ የነዳጅ መወደድ፣ የወሎ ረሃብ።

ረሃብ ስትል ሳቁ ቆመ።

«እሱን እኔም አውቀዋለሁ» አሉ እትዬ ሙሚና። «ልጃገረድ ነበርሁ። በዚህ መንገድ ነው ሰው የወጣው። ዝናብ መቅረቱን እንኳ ለምደነዋል ልጄ፤ ቆላ ነን፣ ዝናብ ይቀራል። ያን ጊዜ የከፋው የሚሰማን ማጣታችን ነው። ሰው እያለቀ አገር ደህና ነው ይባል ነበር። በኋላ ሌላው አገር ሲሰማ ነው የተቆጣው።» ከዚያ «ይኸን ጻፊው» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እትዬ ሙሚና ተራቸው ቢደርስም አይቸኩሉም። አንድ ጥያቄ ያስነብባሉ፣ ለተ ብርሃን ትመልሳለች፣ እሳቸው «ለምን?» ይላሉ። አንዳንዴ «ይኸንስ ማን ጠየቀሽ?» ይላሉ፤ እሷም ትቆርጠዋለች። የሚተርፈውን ምሽት ላይ በስምንት አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ለፍቅሩ ስታሳየው «አጭር ዓረፍተ ነገር አያሳስትም» አላት። «መጀመሪያ መልሱ፣ ከዚያ ማስረጃው። እንዲህ ቀጥዪ።»

ያም ሆኖ ሰዓቱ አልበቃትም። በስልኳ እየለካች ብትሞክር፣ ምርጫውን ጨርሳ ሁለተኛው ማብራሪያ መሀል ላይ ለፈተናው የተፈቀደው ሁለት ሰዓት ያልቃል። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱንም ጊዜ አሥር ደቂቃ ያህል ጎደላት። ይህን ለእትዬ ሙሚና ስትነግር፣ መምህሩ ያለውን ጭማሪ ሰዓትም አነሣች። አባቷ በሩ ጥግ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር።

በማግሥቱ አቶ ገብረ ኪዳን ጋቢያቸውን ደርበው የት እንደሚሄዱ ሳይናገሩ ወጡ። ከሰዓት በኋላ አንዲት የተጣጠፈች ካርድ ይዘው ተመለሱ፣ ለልጃቸውም ሰጧት። የሐኪም ቀጠሮ ነበረች።

«ሐኪሙ ራሷ ትቅረብ ብሏል። ዓርብ ጠዋት። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

«አቦይ፣ አልፈልግም ብያለሁ እኮ።»

ሽማግሌው ሞተሩን ራሳቸው አጠፉት። ወፍጮ ቤቱ ዝም አለ።

«ያን ቀን ግቢ ያልሁሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ሞተሩን ማጥፋት የኔ ሥራ ነበር። አላጠፋሁትም። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን በአፌ አላወጣሁትም። አንቺም አንድ ቀን አልወቀስሽኝም። ብትወቅሽኝ ይሻለኝ ነበር።»

ለተ ብርሃን አባቷ ይህን ሲሉ እሰማለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

«እኔም እኮ ሞተሩ ሲጮህ እየሰማሁ ነው የገባሁት» አለች። «ልጅ ነበርሁ፤ ቸኮልሁ። አንቱን የሚያስወቅስ ነገር የለም።»

«አለ እንጂ። ለዚህ ነው የምለምንሽ። ጣትሽን መመለስ አልችልም። ግማሽ ሰዓት ግን ልመልስልሽ እችላለሁ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

እንባቸው ወርዶ ጢማቸው ላይ ያረፈውን ዱቄት አራሰው። ለተ ብርሃን በሁለት ጣት በቀረው እጇ ጠረገችላቸው። ዓርብ ጠዋት አብረው ሄዱ። ሐኪሙ እጇን አገላብጦ አየ፣ ሁለት መስመር ጻፈ፣ ማኅተም መታ። እዚያ ቢሮ እጇን ከነጠላው ስታወጣ የጠበቀችውን ያህል አላፈረችም።

ፈተናው የዋለው ቅዳሜ ነበር። ምርጫውን በአርባ ደቂቃ ጨርሳ ገጹን ገለበጠች። የመጀመሪያው ማብራሪያ እንዲህ ይላል፦ ለ1966ቱ አብዮት ዋነኛ ነው የምትሉትን አንድ ምክንያት ብቻ ምረጡ፤ ከሌሎቹ ለምን እንደሚበልጥ አስረዱ።

አምስቱንም ምክንያት አዘጋጅታ ነበር። እጇ አምስቱን ሊጽፍ ሲነሣ፣ እስክርብቶውን አስቀመጠች። ምን ተብለሽ ነው የተጠየቅሽው? ጥያቄውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። አንድ ብቻ። ከዚያ ረሃቡን መረጠች፤ ረሃቡን ብቻም ሳይሆን የረሃቡን መደበቅ። ሌሎቹ ምክንያቶች እያንዳንዳቸው አንድ ወገን እንዳስቆጡ፣ የተደበቀው ረሃብ ግን ተማሪውንም ወታደሩንም ከተሜውንም በአንድ ላይ እንዳስቆጣ ጻፈች። ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ሆነ፣ ግማሽ ገጽ ያህል። ሁለተኛ የመረጠችው ጥያቄ የአሞሌ ጨው ንግድ ቆላና ደጋን እንዴት አገናኘ የሚል ነበር። እሱን ግማሽ ላይ ስታደርስ ሁለቱ ሰዓት አለቀ።

ሌሎቹ ወረቀታቸውን እያስረከቡ ወጡ። ሚኪያስ ሲያልፍ አራት ጣቱን አሳያት፤ አራት ገጽ ማለቱ ነው። ክፍሉ ውስጥ እሷና ፈታኙ ብቻ ቀሩ። ግራ እጇ ዛለ። አሳረፈችው፣ አምስት ጊዜ ጨበጥ ዘርጋ አደረገችው፣ ቀጠለች። የመጨረሻውን ነጥብ ስታስቀምጥ ዘጠኝ ደቂቃ ተርፎ ነበር። መልሳ አነበበችው። የምትጨምረው አልነበረም፤ የምትቀንሰውም አልነበረም።

ውጤቱ የመጣው ከአሥር ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ነው። በእነዚያ ቀኖች የአራቱ ገጽ ነገር ከሐሳቧ አልወጣም፤ ሁለት ጊዜ የሰው ጤፍ በማሽላ መፍጫው ልትለቀው ስትል አስፈጪዎቹ ጮኸው አስቆሟት። ቆቦ ሄዳ ቢሮው ስትገባ ፍቅሩ ወረቀቷን ፈልጎ አወጣ።

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ንገሩኝ ቲቸር።»

«ከአርባው ሠላሳ አምስት። በማብራሪያው ክፍሉን አንቺ ትመሪያለሽ። ታሪክን አልፈሻል፣ ሌላውንም አይቻለሁ፣ ሁሉንም አልፈሻል።» ግማሿን ገጽ ዘረጋላት። ጠርዟ ላይ በቀይ «የተጠየቀውን መልሳለች» የሚል ተጽፎባታል።

ለተ ብርሃን ያኔ ተቀመጠች። ልታመሰግነው ፈልጋ «ሠላሳ አምስት» ብቻ አለች። ፍቅሩ ሳቀ፣ ውኃ ሰጣት።

ከግቢው ስትወጣ ለአባቷ ደወለች። የሞተሩ ጩኸት ይሰማል። «አለፍሁ አቦይ!» አለች። «ምን?» አሉ። ሦስት ጊዜ ጮኸች። ከዚያ ጩኸቱ ቆመ። እሳቸው ለአስፈጪዎቹ ሲናገሩ፣ ሴቶቹም እልል ሲሉ፣ ከመሀልም የእትዬ ሙሚና «ማሻአላህ!» ተለይቶ ተሰማት።

ሚኒባስ ላይ ወጥታ መስኮት ዳር ተቀመጠች። ሁለት ወር ያህል በወጉ ያልተኛው ገላዋ ያኔ ለቀቀ። የማሽላው ማሳ በመስኮቱ ሲያልፍ ጥቂት አየችና እንቅልፍ ወሰዳት። ረዳቱ «ሮቢት ወራጅ!» ሲል አልሰማችም። የነቃችው ጎብዬ ላይ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ካለቀ በኋላ ነው።

«እናቴ፣ ደርሰናል እኮ» አላት ረዳቱ። «የት ነበር የምትወርጂው?»

«ሮቢት።»

«አሳለፍንሽ!»

ለተ ብርሃን ዙሪያዋን አየች። ከዚያ ሳቅ አፈናት። ወርዳ አንድ ምግብ ቤት ገባች፣ ሽሮ አዘዘች፣ እስከ መጨረሻው በላችው። ወደ ሮቢት የሚመለስ መኪና ሞልቶ አልፎ ነበርና ሌላው እስኪመጣ ጥላ ሥር ተቀመጠች። የሚያስቸኩላት ነገር አልነበረም።