ኳንተም በብርድ ልብስ ሱቅ

መርካቶ ውስጥ «የለም» አይባልም። ደንበኛ መጥቶ ሐምራዊ ብርድ ልብስ ካለኝ ቢጠይቀኝ፣ ሐምራዊ ብርድ ልብስ በሕይወቴ አይቼ ባላውቅ እንኳን «አለ» ነው የምለው። ከዚያ ወንበር እሰጠውና በጓሮ በር ወጥቼ እስከ ሰባተኛ ሰፈር እሮጣለሁ፤ ከሌላ ነጋዴ ሱቅ ይዤለት እመለሳለሁ። እሮጥ ነበር ማለቴ ነው። አሁን ጉልበቴ ስለማይታዘዘኝ የምሮጠው በስልክ ነው። ብቻ አርባ ዓመት ሙሉ «አለ» ሲል የኖረ አፍ፣ «አልገባኝም» ማለትን ከየት ይማረዋል?

ልጄ ልታመልጠኝ የነበረው በዚሁ አፌ ምክንያት ነው።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ የምታጠናው ኳንተም ኮምፒውተር የሚባለውን ነገር ነው። ዓርብ ዓርብ፣ የአንዋር መስጊድ ሰጋጅ ተበትኖ መንገዱ ሲከፈት፣ ሱቄ ትመጣና አብረን ምሳ እንበላለን። እናቷ ካለፈች ወዲህ አንድም ዓርብ ቀርታ አታውቅም። በፊት በፊት የጠቀለለችውን ሳትጎርስ ስለ ሥራዋ ታወራኝ ነበር። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ «ገባኝ፣ ጎበዝ» እላታለሁ። የገባኝ ነገር ቢኖር ሽሮው ጨው እንደበዛበት ነው። ቀስ በቀስ ወሬው አጠረ። ሥራ እንዴት ነው ስላት «ደህና ነው አባባ» ብላ መብላቷን ትቀጥላለች።

አንድ ዓርብ በር ላይ ቆማ ከጓደኛዋ ጋር በስልክ ስታወራ፣ ከመደርደሪያው ጀርባ ሆኜ ሰማኋት። «ለአባባማ መንገር ትቻለሁ። ገባኝ ይለኛል እንጂ አይገባውም፤ እሱን ማድከም ነው» አለች። በክፋት አልነበረም፤ አዝናልኝ ነው። በክፋት ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

እናም በሰባ ሁለት ዓመቴ ተማሪ ሆንኩ። ሽፋኑ ላይ ኳስ ተጫዋች ያለበት ደብተር ገዛሁ፤ ለእኔ ዕድሜ የሚሆን ሽፋን አልተገኘም። ጠዋት ገበያው ሳይደራ የብርድ ልብስ ክምር ተደግፌ በስልኬ ትምህርት እከፍታለሁ። የሚያስተምረው ልጅ አነጋገሩ የታክሲ ረዳት ነው፤ አንዷን ደቂቃ አሥር ጊዜ እየመለስኩ እሰማታለሁ። ከጎኔ ድስትና ሰሃን የምትሸጠው ጎረቤቴ ሦስት ቀን ታግሳ በአራተኛው መጣች፤ ደብተሩንም እኔንም አየች።

«ጋሼ፣ ሚስት ፍለጋ ከሆነ ለእኔ ቢነግሩኝ አይሻልም?» አለችኝ።

የማጠናው በአንድ ጊዜ ዜሮም አንድም ስለሚሆን ነገር ነው ብዬ አስረዳኋት። ጥቂት አሰበችና ሁለት ላገባ እንደሆነ ደምድማ ሄደች።

ከብዙ ጠዋት በኋላ ይህችን ያዝኩ። የለመድነው ኮምፒውተር ሁሉን ነገር የሚይዘው በዜሮና በአንድ ነው፤ እንደ መብራት ማብሪያ፣ ወይ በርቷል ወይ ጠፍቷል። የኳንተሙ፣ ኪዩቢት የሚሉት፣ እስኪለካ ድረስ ሁለቱን ቀላቅሎ ይይዛል፤ ሲለካ ነው አንዱን ሆኖ የሚወጣው። ይህን ስሰማ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ይሄማ ቦንዳ ነው። ወጣት ሳለሁ የምነግደው ቦንዳ ነበር፤ ተጠቅጥቆ በሽቦ የታሰረ የልባሽ ልብስ። የሚገዛው ሳይፈታ ነው፤ ኮት ይሁን ቡቱቶ ሲፈታ ይታያል። አንዴ ትልቅ ተስፋ የጣልኩበት ቦንዳ ሲፈታ ከላይ እስከ ታች የዋና ልብስ ሆኖ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ፣ ያውም በሐምሌ።

ዓርብ እስኪደርስ ጓጓሁ። ልጄ ገና ከመቀመጧ፣ ኪዩቢት ማለት ያልተፈታ ቦንዳ መሆኑን አበሰርኳት። እጇ ሰሃኑ ላይ ቀረ። ከየት አመጣኸው ስትለኝ ደብተሩን ሰጠኋት፤ ገጽ በገጽ አገላበጠችው። ልታመሰግነኝ መስሎኝ የኮቴን ኮሌታ አስተካከልኩ።

«ተሳስተሃል አባባ» አለች በቀስታ። «የዋና ልብሱ እኮ ቦንዳው ሳይፈታም እዚያው ውስጥ ነበር፤ ያላወቅከው አንተ ነህ። ኪዩቢቱ ግን እኛ ስላላወቅን አይደለም። ለራሱም ገና አልለየለትም።»

አፌ እንደ ልማዱ «ገባኝ» ሊል ተከፈተ። የቀሩኝ ጥርሶች ጥቂት ናቸው፤ ግን ቃሉን ያዙት።

«አልገባኝም» አልኳት።

ይህን ቃል ከእኔ ሰምታ አታውቅም። ከዚያ በርጩማዋን ወደ እኔ ሳብ አድርጋ ደግማ አስረዳችኝ። አሁንም አልገባኝም። የሚሽከረከር ሳንቲም አሳየችኝ፤ እሱም አልገባኝም። ሽሮው ቀዘቀዘ።

በመሃል አንዲት ሴትዮ ገብታ የብርድ ልብስ ዋጋ ጠየቀች። ነገርኳት፤ ሳቀችብኝ። ወጣች፣ ተመለሰች፣ ተከራከርን፣ ተመራረቅን፣ ይዛ ሄደች። ልጄ፣ መጀመሪያ በልቤ ይዤው የነበረው እውነተኛው ዋጋ ስንት እንደነበር ጠየቀችኝ። በልቤ ምንም እንዳልነበረ ነገርኳት። ጠያቂ እስኪመጣ ዋጋ የሚባል ነገር የለም፤ ሲጠየቅ ነው የሚወለደው፣ አጠያየቁም ይለውጠዋል። አላመነችኝም።

«ለደንበኛ እዋሽ ይሆናል፣ ላንቺ ግን አልዋሽም» አልኳት። «የደበቅኩት ዋጋ የለም። ገና አልነበረማ።»

ያልኩትን እኔም ሰማሁት። እሷም ሰማችው።

«ልክ እሱ አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ግን ወደ እሱ ነው።» ብዕሬን ተቀብላ የዋጋውን ነገር ደብተሬ ላይ በራሷ እጅ ጻፈችው። ቦንዳዬን አልሰረዘችውም፤ ከጎኑ ትንሽዬ የዋና ልብስ ሳለችለት።

በሚቀጥለው ዓርብ ሥራ እንዴት ነው አላልኳትም። እጇን ሳትታጠብ ጀመረች። ሳምንቱን ሙሉ የለፋችበት ስሌት ተበላሽቶባታል። የተሳሳቱት መልሶች እንደ ውኃ ሞገድ እርስ በርስ ተሰራርዘው ትክክለኛው ጎልቶ መውጣት ነበረበት፤ እሷ ዘንድ የጠፋው ትክክለኛው ነው። ድምጿ ሲሰበር ሰማሁ። ይህን ሁሉ ጊዜ «ደህና ነው» ከምትለው ሥር እንዲህ ያለም ቀን ነበረ ማለት ነው።

«ቆይ» አልኳት፣ «እንዴት ነው የሚሰራረዙት? እሱ አልገባኝም።»

እጇን ዘርግታ ሞገዱን በአየር ላይ መሳል ስትጀምር ደንበኛ ገባ። ሐምራዊ ብርድ ልብስ ፈልጎ ነው።

«የለም» አልኩት። ልጄ ገና አልጨረሰችም ነበር።