ዳመነልን፣ ዳመነብን

ስምንተኛ ክፍል እያለሁ የአማርኛ አስተማሪያችን «ል ለጥቅም፣ ብ ለጉዳት» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጻፈ። ፈረደለት፣ ፈረደበት። እኔ እጄን አውጥቼ «ዳመነስ? ዳመነልን ነው ዳመነብን?» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፣ እሱ አስወጣኝ። የቀለድኩ መሰለው። እኔ የምሬን ነበር፤ እኛ ግቢ ሁለቱም ይባላል።

ፈላና በር የሚባል ሰፈር ነን፣ ሁለት ቤት በአንድ ግቢ። ቧንቧው ከደረቀ ከርሟል፣ የእናቴ ጉልበት ደግሞ ጀሪካን አይችልም። ሰማይ ሲጠቁር በርሜሏን አሸንዳው ስር ታስጠጋና «ዳመነልን!» ትላለች። አዴ የምንላቸው ጎረቤታችን ሸዋ በር ገበያ መደብ ይዘው በርበሬ ይሸጣሉ። ዛላውን ግቢው ላይ አስጥተው ያው ደመና ሲመጣ «ያ ረቢ፣ ዳመነብኝ!» ይላሉ።

«አንቺ ነሽ ጸልየሽ ያመጣሽብኝ!»

«እኔ ለበርሜሌ ነው የጸለይኩት። አንቺን ማን አስጪ አለሽ?»

«እሺ፣ ወጥሽን በውሃ ብቻ ስሪያ!»

ዘንድሮ ግን ቀልድ አልነበረም። አዴ ያላቸውን ሁሉ በርበሬ ላይ አፍስሰዋል። ዛላው ከተበላሸ ኪራይ አጥተው መደባቸውን ይለቃሉ፤ ሊቀማቸው የቋመጠ ሰውዬ ከአሁኑ እየመጣ በዓይኑ ይለካዋል።

ሰማዩ ጨፈገገ። ጨፈገገ ማለት ዳመነ ማለት አይደለም። የዳመነ ወይ ይዘንባል ወይ ይበተናል፤ የጨፈገገ እንደ ክፉ አከራይ ፊቱን አጥቁሮ በርህ ላይ ይጎለታል። ሳምንቱን ሙሉ ካፊያ። ዛላውን ቤት አስገብተን ወለሉ ላይ ዘረጋነው፣ አዴ ጥግ ላይ ተኮራምተው ተኙ። የእናቴ በርሜል ታችዋ እንኳ በወጉ አልራሰም።

«ወይ ዝነብ፣ ወይ ጥፋ!» ብዬ ሰማዩ ላይ ጮህኩ።

«ተው አንተ ልጅ! ሰማይ አይሰደብም፣ ሐራም ነው» አሉ አዴ።

እሱ እሳቸውን ሲገድል ግን ሐራም ያለው የለም።

ሰማዩ ሲገልጥ ዛላውን አወጣነው። አዴ አንድ ዛላ ሰበሩ፣ ውስጡ ነጭ ሻጋታ። ሌላ ሰበሩ። ከዚያ መስበሩን ተዉት። እናቴ ከቤት ወጣች፤ ነገር ልትወረውር ነው ብዬ አፍሬ ጠበቅኩ። ባዶ በርሜሏን አልፋ መጥታ አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ዳመነብን፣ እህቴ» አለች።

በማግስቱ መደቡን ሰውዬው ያዘው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ጠራልን ያለ ግን የለም።