የአያ ያየህ ድምፅ

እንዳልካቸውን ወረታ ላይ የማያውቀው የለም። ካሜራውን ትከሻው ላይ ጭኖ ሙሽራውን «ቀና በል!» ሚዜውን «ዞር በል!» እያለ ሲያዝ ላየው፣ ድግሱን የደገሰው እሱ ይመስላል። ልቡ ጭራሽ ያበጠው ደግሞ መቅረጫውን ከገዛ ወዲህ ነው። ከካሜራው ጀርባ የምትታሰር ጥቁር ሣጥን ናት፤ ምስሉም ድምፁም በቀጥታ ውስጧ ያለው ሃርድ ዲስክ ላይ ይገባል። ሲፈለግ ቴሌቪዥን ላይ ሰክቶ ማሳየት ነው። ቀድሞ ማየት የሚባል ነገር አያውቅም፤ «የእኔ ዕቃ አትሳሳትም» ባይ ነው።

ቁልፏ አንድ ነው። ሲጫኗት ትጀምራለች፣ መልሰው ሲጫኗት ታቆማለች፤ ስትቀርጽ ቀይ መብራት ታበራለች። የፎገራ ሰው ታዲያ ያችን መብራት ሲያይ ለመታወቂያ ፎቶ እንደቆመ ሰው ድርቅ ይላል። እንዳልካቸው ብልጥ ነኝ ብሎ መብራቷን በጥቁር ፕላስተር ሸፈናት። እየቀረጸች ይሁን አይሁን በምን ያውቃል? በግምት ነዋ! አይ ብልጠት!

በጥር ዙፋን ተዳረች። አባቷ አያ ያየህ ሩዝ አራሽ ነበሩ፤ አልጋ ከያዙ ከርመዋል። ዙፋን እንዳልካቸውን የለመነችው አንድ ነገር ነው። «ሌላው ቢቀር ይቅር፤ የአባቴን ምርቃት ብቻ አደራህን። ከዛሬ በኋላ ድምፁን የምሰማው አይመስለኝም።»

«በእኔ ጣይው!» አላት፣ ደረቱን መትቶ።

ሙሽራው ሲመጣ የሴት ወገን እንደ ወጉ በሩ ላይ ቆሞ አላስገባም አለ። ሚዜዎቹ ገፉ፣ እነዚያም ገፉ። በግፊያው መሀል የአንዱ ክንድ ቁልፏን ተጫናትና መቅረጫዋ ቆመች። ማን አይቶ! ከዚያ ወዲያ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ፤ እንዳልካቸው ላስጀምር ሲል ያቆማል፣ ላቁም ሲል ያስጀምራል።

አያ ያየህ ተደግፈው ተቀመጡ። ዙፋን ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸውም እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው ረጅም ምርቃት መረቋት። ቤቱ «አሜን» እያለ አለቀሰ። ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል አልተቀረጸችም።

መልሱ ሳይደርስ አያ ያየህ አረፉ። ዙፋን ከልቅሶው እንደተነሣች የጠየቀችው ያንኑ ምርቃት ነው። እንዳልካቸው «በአርባቸው ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት አሳይሻለሁ» አለ። ሰው ፊት መታየት አይጠላም።

ቀኑ ደርሶ ዳስ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። መጀመሪያ የበሩ ግፊያ መጣ፤ ለቀስተኛው ፈገግ አለ። ከዚያ ምስሉ ወደ መሬት ወረደ። ጫማ፣ አፈር፣ የወንበር እግር። እንዳልካቸው ላቡ መጣ። «ቆይ፣ ቀጥሎ ነው» አለ። ድንገት የገዛ ራሱ ድምፅ ዳሱን ሞላው፤ ሙሽሮቹ ተመርቀው ከወጡ በኋላ ለፎቶ አንሺው ለይልቃል ሲያወራ ነው።

«ኧረ እንውጣ ወዲያ! ሽማግሌው ሸተተኝ እኮ! ሠርጉንና ልቅሶውን በአንድ ዋጋ ልንቀርጽላቸው ነው?»

የሁለት ሰው ሳቅ ተከተለ። ሳቁ መሀል ደከም ያለ ድምፅ ገባ።

«ልጄ፣ ጆሮዬ እኮ ገና አልሞተም።» ሳቁ ተቋረጠ። «ግድ የለም። ብቻ ለዙፋን እንዳትነግሩብኝ። ዛሬ ደስታዋ ነው።»

ካህናቱ አቀረቀሩ። ዙፋን አላለቀሰችም፤ ተነሥታ ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጭ አለች።

«ምርቃቱስ?» አለች።

«የለም» አለ እንዳልካቸው። «እህቴ፣ በማርያም... የእኔን ቆርጬ የእሳቸውን ብቻ ልስጥሽ።»

«እንዳትነካት! ሳቅህ በእሱ ድምፅ ላይ ተጋድሟል፤ ያንተን ስትቆርጥ የእሱን ትቆርጥብኛለህ። እኔ ሌላ ድምፅ የለኝም።» ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም። «ድገመው።»

እንዳልካቸው ወደ ሰዉ ዞረ። ተይ የሚላት አንድ ሰው ጠፋ። ደገመው። ሳቁ ሲመጣ እሷ አባቷን ለመስማት ጆሮዋን አስጠጋች።

«ድገመው» አለች።